በአጥንት ባጃጅ ማን ይሳፈር?

[ምስል፦ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ያለ ሉካንዳ ቤት፤ የበሬ ታፋ ተሰቅሏል]

ተራኪ፦ ሥጋው ለገዢ ይሁን። እኛ የመጣነው ለአጥንቱ ነው።

ከደረቅ አጥንት ክብደት ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ማዕድን ነው፤ ሃይድሮክሲአፓታይት ለሚባለው ማዕድን ዘመድ የሆነ የካልሲየምና የፎስፌት ክሪስታል። ቅንጣቱ ርዝመቱ በአሥሮች የሚቆጠር ናኖሜትር፣ ውፍረቱም ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ናኖ ቁስ አዲስ ነገር ነው ስንል፣ ለካ በጉልበታችን ይዘነው እንዞራለን።

[ምስል፦ ሦስት ሰው ከኋላ የጫነ ባጃጅ]

ክሪስታሉን ባጃጅ፣ ካልሲየምን ተሳፋሪ አድርጉት። አንዱ ካልሲየም ወርዶ ስትሮንቲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ቢገባ ወፈር ያለ ነውና ወንበሩን ይገፋዋል። ማግኒዥየምና ዚንክ ቀጫጮች ናቸው፤ መቀመጫው ይሰፋባቸዋል። ማግኒዥየም ሲበዛማ ክሪስታሉ ይላላል፣ ቶሎም ይሟሟል። ብር (ገንዘቡ ሳይሆን የጌጡ ማዕድን) ደግሞ የካልሲየምን ቦታ ይዞ ግማሽ ሂሳብ ነው የሚከፍለው፤ ካልሲየም ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ሲኖረው የብር አንድ ነው። ጉድለቱን ክሪስታሉ ከሌላ ቦታ ማካካስ አለበት።

[ምስል፦ ቤተ ሙከራ፤ ጠብታ በጠብታ የሚወርድ ፈሳሽ]

ተሳፋሪው የተቀየረበትን ማዕድን በቤተ ሙከራ መሥራት ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ካልሲየም ናይትሬት ይሟሟል፣ የተፈለገው ተሳፋሪ አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም) ይጨመርበታል፣ ከዚያ የፎስፌቱ ውህድ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። ፒኤቹን (የአሲድና የቤዝ ልኩን) 10 አካባቢ የሚያቆየው አሞኒያ ነው። ነጩ ዝቃጭ እንደ ጀበና ቡና እስኪሰክን ይጠበቃል፤ ከዚያ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ጀማሪ የሚሳሳተው ሂሳቡ ላይ ነው፦ ዚንክ ሲጨመር በዚያው ልክ ካልሲየም መቀነስ አለበት። ሁለቱ ተደምረው ለፎስፈረስ በአቶም ብዛት 10 ለ 6 ካልሆኑ የታሰበው ማዕድን አይገኝም።

ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ስትሮንቲየም አጥንት ገንቢ ሴሎችን ያበረታል፣ አጥንት በሊታዎቹን ያዳክማል። ብር ባክቴሪያ ይገድላል፤ ስለዚህ ሰውነት ውስጥ ለሚተከል ብረት በሽፋንነት ይታሰባል። እኔ ግን ብርን በጥርጣሬ ነው የማየው፤ መጠኑ ካለፈ የአጥንቱንም ሴል አይምርም።

[ምስል፦ ተቃጥሎ የነጣ የበሬ አጥንት]

ከሉካንዳ ቤት የመጣውን አጥንት ቀቅሎ፣ ስቡን አውጥቶ፣ ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ አቃጥሎ መጀመርም ይቻላል። ግን ይህ ባጃጅ ባዶውን አልመጣም፤ ማግኒዥየምና ሶዲየም በሬው በሕይወት ሳለ ተሳፍረዋል። አዲስ ሰው ከመጫን በፊት የተቀመጡትን መቁጠር ያስፈልጋል።