«ግርግር» ወይስ «መፈንቅለ መንግሥት»? ስለ ታኅሣሥ 1953 በስድስት ኪሎ የቀረበ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት፣ የተወደዳችሁ መምህራንና ተማሪዎች፤

ዛሬ የተሰበሰብንበት ግቢ ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ የወረደውን ጭፍጨፋ የሚዘክረው ሐውልት ከደጅ ቆሟልና ልተርክላችሁ አልደክምም፤ በዚያ ቀን በዳዩና ተበዳዩ ማን እንደ ነበር አንከራከርም። እኔ የመጣሁት 24 ዓመት ገደማ ቆይቶ በዚሁ ግቢ ስለ ሆነውና እስከ ዛሬ በስሙ እንኳ ስላልተስማማንበት ነገር ልናገር ነው።

ወላጆቻችን «የታኅሣሥ ግርግር» ይሉታል። ግርግር ለገበያ ረብሻም የሚበቃ ቃል ነውና፣ እንዲህ ያለውን ነገር በዚህ ስም የጠራ ሰው ወይ ንቆታል ወይ ፈርቶታል፤ ለእኔ ፍርሃቱ ይበልጥ ይታየኛል።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ ሚኒስትሮችንና መኳንንቱን አስጠርተው ያዙ። በማግሥቱ በሬዲዮ በአልጋ ወራሹ ድምፅ የተሰማው መግለጫ፣ ነጻነታቸውን ገና ትናንት ያገኙ የአፍሪካ አገሮች ወደ ፊት ሲራመዱ ኢትዮጵያ ባለችበት መቅረቷን በግልጽ ተናገረ። ግርማሜ ይህን ያገኘው አሜሪካ በተማረው ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ ወላይታን ሲያስተዳድር መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ለመስጠት ሞክሮ፣ ባለ መሬቶቹ አቤት ስላሉበት ወደ ጅጅጋ ተዛውሮ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጡ። የምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ሆኑ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስም አወገዙ።

ታኅሣሥ 7 ቀን፣ ዓርብ፣ የምድር ጦሩ ወደ ግቢው ሲቃረብ፣ በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው በነበሩት ሹማምንት ላይ መትረየስ ተተኮሰባቸው። 15 ያህሉ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፤ አምስቱን የወረራ ዓመታት በሸዋ ዱር የተዋጉት፣ ፋሺስት ያልጨረሳቸው አርበኛ፣ ግራዚያኒ በቆሰለበት ግቢ በወገን ጥይት ወደቁ። ስለዚህ ቀን በተነሣ ቁጥር እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው።

መግለጫውን የሚያወድሱ ወገኖች ሳሎኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ ሳሎኑን የሚያነሡት ደግሞ መግለጫውን እንዳልተነገረ ይቆጥሩታል። በእኔ አስተያየት የመግለጫው ጥያቄ ትክክለኛ ነበር፤ እጁ የተያዘ ሰው መግደል ግን ጥያቄውን አላስከበረውም፣ ለሚቀጥሉትም መጥፎ ፈለግ ሆነ። ግርማሜ ሲሸሽ ሞተ፤ መንግሥቱ ንዋይ ቢያንስ ፍርድ ቤት ቆመው ተከራክረው መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተሰቀሉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ሲረሽን ፍርድ ቤት አልነበረም። የ1953ቱን ሙከራ ካከሸፉት አንዱ የነበሩት ልዑል ራስ አሥራተ ካሣም ከተረሸኑት መካከል ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ቤት ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ሙከራው በከሸፈ በዓመቱ ነው። ከዚህ ወጥታችሁ ሙዚየሙን የምትጎበኙ፣ በንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል በኩል ስታልፉ በዚያ ታኅሣሥ ጥይት የበሳውን መስታወት ታያላችሁ። ጎብኚው ፎቶ አንሥቶት ያልፋል። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ አጠገቡ የመግለጫው ሙሉ ቃልና በሳሎኑ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ጎን ለጎን ይሰቀልልን።

አመሰግናለሁ።