ለረጅም ሰዓት ጥናት የሚሆን ሄድፎን፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ መስመር ላይ ከገቡት አድማጮች አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። የጠየቁትም ተቀራራቢ ነው፤ ለብዙ ሰዓት ጆሮ ላይ ውሎ የማያሳምም ማዳመጫ እንዴት ይመረጣል? መልሱን የሰጡን ባሕር ዳር ውስጥ የድምፅ ዕቃ በመሸጥና በመጠገን የሚተዳደሩ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የተቀዱ ሌክቸሮችን ማታ ማታ ዶርም ውስጥ እሰማለሁ። ሄድፎኔ ስፖንጁ ትንሽ ክብ ነው፣ ጆሮዬ ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጆሮዬ ይግላል፣ አናቴንም ያመኛል። ገንዘብ አጠራቅሜ ውድ ብገዛ ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ጆሮ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ስፖንጅ የጆሮን ጠርዝ ከራስ ቅል ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። የጆሮ ጠርዝ ቆዳ የለበሰ ለስላሳ አጥንት ነው፣ የሚከላከልለት ሥጋ የለውም። ተጭኖ ሲቆይ መጀመሪያ ይግላል፣ ቀጥሎ ያማል። ለአጭር ጊዜ አይሰማሽም፤ ለአራት ሰዓት ሌክቸር ግን አይሆንም። ላንቺ የሚሻልሽ ጆሮን ሙሉ በሙሉ ውስጡ የሚያስገባው፣ ስፖንጁ ከጆሮ ውጭ ዙሪያውን ቆዳ ላይ የሚያርፈው ነው።

ከውጭ ትልቅ መስሎ ውስጡ ጠባብ የሆነ ብዙ ስላለ ማስመሪያ አምጪና ጆሮሽን ከላይ እስከ ታች ለኪው። የአዋቂ ሰው ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የስፖንጁ የውስጥ ክፍተት ካንቺ ልኬት መብለጥ አለበት። ጥልቀቱንም በጣትሽ ሞክሪው፤ ጆሮሽ ውስጥ ገብቶ ከድምፅ ማውጫው ጨርቅ ጋር የሚነካካ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያችው ሕመም ትመለሳለች።

የአናትሽ ሕመም ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። የሄድፎኑ ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው አናት ላይ ባለችው ቀጭን ቅስት ላይ ነው። ቅስቱ ከሥሩ በቂ ስፖንጅ ከሌለው ቀላል ዕቃም ያሳምማል። እኔ ለጥናት የሚገዛ ሰው ሲመጣ 250 ግራም አካባቢ ያለውን እመክራለሁ፣ ከ300 ግራም በላይ የሆነውን ግን ብዙም አልደግፍም፤ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ስለሚያነብ ክብደቱ ወደ ፊት ይጎትተዋል። ዋጋና ምቾት አብረው አይሄዱም የምለውም ለዚህ ነው። የአፕል ኤርፖድስ ማክስ በጣም ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ክብደቱ ግን ከ380 ግራም ይበልጣል። የሶኒው 1000 ኤክስ ኤም 4 ደግሞ 254 ግራም ነው። ኮስ የሚባለው ኩባንያ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያመርተው ፖርታ ፕሮ ጆሮ ላይ የሚያርፍ ሆኖ እንኳ ብዙ ሰው በምቾቱ ያመሰግነዋል፤ በጣም ቀላል ስለሆነ ነው፣ ግፊቱንም በከፊል ከጆሮ በላይ ወዳለው የራስ ክፍል ያዛውረዋል።

ሱቅ ስትገቢ አድርገሽ ወዲያው አታውልቂው። ዋጋ እየተከራከርሽ ሩብ ሰዓት ያህል ራስሽ ላይ ይቆይ። ደብተር የምታነቢ ይመስል አንገትሽን ደፍተሽ እዪው፤ ከተንሸራተተ ልቅ ነው፣ መንጋጋሽን ስታንቀሳቅሺ ከቆነጠጠሽ ይጠብቅሻል። ታዋቂ ስም ስለተለጠፈበት ብቻ አትመኚ፣ ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ ገበያው ላይ ብዙ ነው። ሩብ ሰዓት አድርጌ ልሞክረው ስትዪው ፊቱን የሚያጠቁር ነጋዴ ካጋጠመሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ከዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ ነው የምደውለው። መነጽር አደርጋለሁ። ጆሮዬን የሚከብ ሄድፎን ገዛሁ፣ ግን የመነጽሬ እጀታ ከጆሮዬ በላይ ያለውን ቦታ ይወጋኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መነጽር የሚያደርግ ሰው ሁለት ችግር ይገጥመዋል። እጀታው ቆዳው ውስጥ ይጫናል፤ በእጀታውና በስፖንጁ መካከል ደግሞ ክፍተት ስለሚፈጠር የውጭው ጫጫታ ይገባል። ጫጫታ ሲገባ ቮልዩም ትጨምራለህ። ለአንተ የሚሆነው ወፍራምና ለስላሳ፣ ስትጫነው ቀስ ብሎ ወደ ቦታው የሚመለስ ስፖንጅ ያለው ነው፤ የእጀታውን ቅርጽ ይቀበላል። ወደፊት መነጽር ስታሠራም ጠፍጣፋና ቀጭን እጀታ ያለውን ምረጥ።

የገዛኸው የሚጠብቅህ ከሆነና በቅስቱ ውስጥ ብረት ካለ፣ ከራስህ ስፋት ትንሽ በለጥ ባለ የመጻሕፍት ድርድር ላይ አልብሰህ አሳድረው። ጠዋት ሞክረው፣ ካልበቃው ድገመው። ፕላስቲክ ብቻ የሆነውን ግን እንዲህ አታድርገው፣ ይሰነጠቃል። በእጅ ወደ ጎን መለጠጥም ልክ አይደለም፤ ለጥገና ከሚመጡልኝ ሄድፎኖች ብዙዎቹ ቅስታቸው የተሰበረው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ሐይቁ አጠገብ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በሙቀቱ የተነሳ ሄድፎን ማድረግ አልችልም፣ ጆሮዬ ላብ በላብ ይሆናል። ስፖንጁም ጥቁር ጥቁር እየተላጠ አንገቴ ላይ ይቀራል።

መልስ፦ የሚላጠው የሌዘር አምሳያ ነው። ላብና የቆዳ ቅባት ይበላዋል፤ ከተማችን ሞቃት ስለሆነች እኛ ዘንድ ቶሎ ያልቃል። ለሙቀት ከፋይ የመሰለ ጨርቅ የለበሰ ስፖንጅ ይሻላል፣ አየር ያሳልፋል። ድምፅን በማገድ በኩል ግን ከሌዘሩ ያንሳል።

ብቻህን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ የምታጠና ከሆነ ደግሞ ጀርባቸው ክፍት የሆኑ ሄድፎኖች አሉ። በውጭ በኩል እንደ ወንፊት ቀዳዳ አላቸው፣ አየር ይገባል ይወጣል፣ ጆሮ አይታፈንም። ድምፁም ጭንቅላት ውስጥ የታሰረ አይመስልም። ዶርም ውስጥ ወይም ቤተ መጻሕፍት ግን አታድርጋቸው፤ የምትሰማውን ጎረቤትህ ሁሉ ይሰማዋል፣ የእነሱም ወሬ ወደ አንተ ይገባል።

ስትገዛ ስፖንጁ ወልቆ የሚቀየር መሆኑን ጠይቅ። ስፖንጅ ብቻ ገዝቶ መቀየር የሚቻልበት ሄድፎን ለዓመታት ያገለግላል። ከተጠቀምክ በኋላም በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ጥረገውና ነፋስ ላይ አሳድረው፣ ፀሐይ ላይ ግን አታስጣው።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ፣ ከቀበሌ 14። ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ኤርፎን ከጆሮው አይወጣም፣ ስጠራው አይሰማኝም፣ እንዳደረገው እንቅልፍ ይወስደዋል። አጠናለሁ ይለኛል፣ እኔ ግን ለጆሮው ፈራሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ጥያቄውንም በጣም ነው የወደድኩት፤ ስለ ምቾት ስንነጋገር የምንረሳው ነገር ይህ ነው። የሚመች ማዳመጫ ለብዙ ሰዓት ይደረጋል፣ ጆሮን የሚጎዳው ደግሞ የድምፁ ከፍታና የሚሰማበት ሰዓት ተደምሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው መጠን 80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው፤ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው፤ 90 ሲደርስ ለሳምንቱ በሙሉ የሚቀረው 4 ሰዓት ያህል ነው። የጥናት ሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እርስዎ ያውቁታል።

በቤት ውስጥ መለኪያ ስለሌለዎት በዚህ ይለዩ። አጠገቡ ቆመው በመደበኛ ድምፅ ሲያነጋግሩት ምንም ካልሰማዎት፣ ወይም ከኤርፎኑ የሚወጣውን እርስዎ ቆመው ከሰሙት፣ ከፍ አድርጎታል። ቮልዩሙ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ፣ በየሰዓቱም አውልቆ ጆሮውን እንዲያሳርፍ ይንገሩት። በብዙ ስልኮች ላይ ቮልዩም ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ መገደብ ይቻላል፣ እሱ ራሱ እንዲያስተካክለው ያድርጉ። አድርጎ መተኛቱ ግን ይቅር። ሲገላበጥ ኤርፎኑ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ጆሮውም ሌሊቱን ሙሉ አያርፍም።

ጆሮዬ ይጮኻል፣ ጭው ይላል፣ ወይም ሰው ሲናገር የታፈነ ይመስለኛል ካለዎት ማዳመጫውን አስቀምጦ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። በጩኸት የሞተ የውስጥ ጆሮ ሴል ተመልሶ አያድግም፤ ስለዚህ ያልፍለታል ብለው አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ከቤታችን አጠገብ ካፌ አለ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ይነሳል። ኖይዝ ካንስሊንግ የሚባለው ይረዳኛል ወይስ ብር መጣል ነው?

መልስ፦ ለጄኔሬተር ይረዳሃል። ሄድፎኑ በማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ይሰማና ተቃራኒውን ሞገድ ፈጥሮ ያዳክመዋል። ይህ በደንብ የሚሠራው ዝቅ ባለና በማይቋረጥ ጉምጉምታ ላይ ነው፤ ጄኔሬተር፣ ቬንትሌተር፣ የመኪና ሞተር። የሰው ወሬ፣ የባጃጅ ጥሩምባና የበር መዝጋት ግን ድንገት ስለሚመጡ ያመልጡታል፤ እነሱን የሚያስቀረው ራሱ ስፖንጁ ነው። ትልቁ ጥቅሙ እኔ እንደማየው ጉምጉምታው ሲቀንስ ቮልዩም መቀነስ መቻልህ ነው። አንዳንድ ሰው ሲያበራው ጆሮው የተደፈነ ይመስለዋል፣ ራሱን የሚያዞረውም አለ። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አብርተህ ሞክረው። ባትሪ እንደሚፈልግም አትርሳ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በሽቦም የሚሠራውን ግዛ፣ ባትሪው ሲያልቅ ሽቦውን ሰክተህ ትቀጥላለህ።

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ፣ ዘጌ ነው የምማረው። የመምህሬን ዜማ በፈቃዳቸው በስልክ ቀድቼ ማታ ደጋግሜ እሰማለሁ። በኤርፎኔ ግን የድምፁ መለዋወጥ ይጠፋብኛል፣ ብዙ ስሰማም ይደክመኛል።

መልስ፦ ዲያቆን፣ የሚያደክምዎት ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ይመስለኛል። ርካሽ ኤርፎኖች ሰውን ለመማረክ ሲባል ቤዙ ተጋኖ ይሠራሉ። ወፍራሙ ድምፅ ሲገን የሰውን ድምፅ ይሸፍነዋል። በዜማ ደግሞ ሁሉም ነገር ያለው ድምፁ ሲነሳ፣ ሲወርድና ሲርገበገብ ነው። ያንን ለመለየት ጆሮ ሲታገል ይደክማል፣ ሰውም ቮልዩም ይጨምራል። መጀመሪያ ስልክዎ ላይ ኢኳላይዘር የሚለውን ከፍተው ቤዙን ዝቅ ያድርጉት፤ ምናልባት ሌላ መግዛት ላያስፈልግዎት ይችላል። ካልበቃዎት ጀርባው ክፍት የሆነ፣ በሽቦ የሚሠራ ሄድፎን ይግዙ። አካባቢዎ ጸጥታ ስላለው ለእርስዎ ይስማማል።

ለሚቀጥለው ቅጂም ስልኩን ለመምህሩ ቀረብ አድርገው ለስላሳ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት። ከሩቅ የተቀዳ ድምፅ በየትኛውም ሄድፎን አይጠራም።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከአሜሪካ ዲቲ 770 የሚባል ሄድፎን ላከልኝ። በጣም ይመቻል፣ ግን በስልኬ ድምፁ ዝቅተኛ ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ሄድፎኑን እየውና 32፣ 80 ወይም 250 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) የሚል ጽሑፍ ታገኛለህ። 250 ከሆነ ለስቱዲዮ መሣሪያ የተሠራ ነው፣ የስልክ ጉልበት አይበቃውም። በስልክና በሄድፎኑ መካከል የምትሰካ ትንሽ ማጉያ ፈልግ። ዕቃው ጥሩ ነው፣ እንዳትሸጠው።

ጥያቄ፦ በአንድ ጆሮዬ ብቻ ነው የምሰማው። ሌክቸር ሳዳምጥ አንዳንዱ ድምፅ ያመልጠኛል።

መልስ፦ በአንድሮይድም በአይፎንም ላይ ተደራሽነት በሚለው የሴቲንግ ክፍል ውስጥ ሞኖ ኦዲዮ የሚል አለ። እሱን አብራ፤ የሁለቱም ወገን ድምፅ ተቀላቅሎ በምትሰማበት ጆሮ ይመጣልሃል። ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው እንጂ ምንም አያስከፍልም። የምትሰማበት ጆሮ አንድ ስለሆነም የሌላው ሰው ሁለት ጆሮ የሚጠበቀውን ያህል ጠብቀው፣ ቮልዩሙን ዝቅ አድርግ።

ጥያቄ፦ ሹሩባ ስሠራ የሄድፎኑ ቅስት አናቴን ይወጋኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ሒጃብ ታደርጋለች፣ ከላይ ስታደርገው ይንሸራተትባታል።

መልስ፦ ላንቺ ቅስቱን ከአናት ትንሽ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት አሳልፈሽ ሹሩባው ባልተነሳበት ቦታ አሳርፊው፤ ቅስቱ ላይ የሚጠቀለል የጨርቅ ልባስም ይረዳል። ለጓደኛሽ በጨርቅ ላይ የሚደረግ ሄድፎን ድምፅ ስለሚያሾልክ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ይሻላታል። አብረውት ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ ይመጣሉ፤ ሁሉንም ትሞክር። የሁለት ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ስለሚችል በግራና በቀኝ የተለያየ ልክ ብታደርግ ነውር የለውም። ትክክለኛው ልክ ሳይገፉት ይቀመጣል፣ ስታወራም አይወልቅም።

ጥያቄ፦ ጣና ውስጥ ከዋኘሁ በኋላ ኤርፎን ሳደርግ ጆሮዬን ያሳክከኛል፣ አንዳንዴም ይረጥባል።

መልስ፦ ውኃ የገባበትን ጆሮ በኤርፎን ስትደፍነው እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ጀርም ይራባል። ከዋኘህ በኋላ ራስህን ወደ ጎን አዘንብለህ ውኃውን አውጣ፣ ጆሮህ ሳይደርቅ ምንም አታስገባበት። በጥጥ እንጨት ኩክ ለማውጣትም አትሞክር፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ቆዳውንም ይቧጥጠዋል። የኤርፎኑን ጎማ አውልቀህ በሳሙና እጠበው፣ በደንብ ሲደርቅ መልሰው፤ ለሌላ ሰውም አታውሰው። ማሳከኩ ካላቆመ ወይም የሚወጣው ፈሳሽ ሽታ ካለው ሐኪም ይየው። እስኪድን ድረስ ለጥናትህ ጆሮን ከውጭ የሚከበውን ሄድፎን ተጠቀም፤ እሱም ከሌለህ የስልክህን ስፒከር ዝቅ አድርገህ ስማ።