ኮሪደሩ አምሯል፣ መሻገሩስ?

ሰላም፣ ዛሬ ስለ አዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ነው የምናወራው፣ ግን ስለ መብራቱና ስለ ፋውንቴኑ ሳይሆን ስለ መሻገር ነው።

በ2016 የተጀመረው ስራ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ፣ ሜክሲኮ፣ ሲኤምሲ እያለ የእግረኛውን መንገድ በደንብ አስፍቶታል፣ የሳይክል መስመርም ገብቷል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ውስጥ ባለመኪናው ጥቂት ነው፣ የሚበዛው በእግሩ የሚሄደው ነው፣ እና ያ ሰው ስንት አመት ቱቦ እየዘለለ ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋ ነው የኖረው።

ግን ዳር ዳሩን መሄድ ሌላ፣ ማቋረጥ ሌላ። አዲስ አበባ ላይ በመኪና አደጋ ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው።

(ምስል፦ መኪና፣ ዜብራ፣ አንዲት ልጅ)

በሰአት 50 ኪሎሜትር የሚነዳ ሹፌር በ1 ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 1 ሰከንድ ማለት አይቶ ደንግጦ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ነው። 14 ሜትር ፊቱ ላይ ልጅ ድንገት ብትገባ ፍሬን ገና ሲነካ እሷ ጋር ደርሷል። በ30 ቢሆን ግን አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑ ጤነኛ ከሆነ እዛው ርቀት ውስጥ ሊቆም ይችላል። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው!

ታዲያ ሹፌሩን ምን ያዘገየዋል? ታፔላ ብቻውን አያዘገየውም፣ መንገዱ ሰፊና ለስላሳ ከሆነ እግሩ ነዳጅ ላይ ነው። የሚያዘገየው የመንገዱ ቅርፅ ነው፣ ጠበብ ያለ መስመር፣ መኪና በፍጥነት የማይታጠፍበት ማዕዘን፣ ከፍ ተደርጎ የተሰራ ዜብራ። ከኮሪደሩ በፊት ለገሃር መስቀለኛው ላይ ተሞክሯል፣ በቀለምና በቀላል ነገር ብቻ ለመኪና የተረፈውን ሰፊ ቦታ ለእግረኛ መልሰው መሻገሪያውን አሳጠሩት። ውድ ነገር አይደለም ማለት ነው።

አሁን እማማን አስቡ፣ ዘንቢል ይዘው በሰከንድ 1 ሜትር ቢራመዱ ስድስት መስመር ለማቋረጥ 20 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። መሀል ላይ የሚያርፉበት ደሴት ካለ ግን በአንድ ጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይተው ግማሹን ያቋርጣሉ። የእግረኛ ድልድይ አለ የሚል ይኖራል፣ እማማን ግን ያን ሁሉ ደረጃ ማስወጣት መፍትሄ አይመስለኝም፣ ዊልቼር ላይ ላለውማ ጭራሽ አይሆንም፣ ጎረምሳውም ቢሆን ከስሩ ነው የሚሮጠው።

ሌላው የፈረሰው ሰፈር ነው። ፒያሳ የነበረው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲነሳ ብዙ ሰው ወደ ገላን ጉራና ዳር ወዳሉት ኮንዶሚኒየሞች ሄደ። ፒያሳ ስራው በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው አሁን ታክሲ በታክሲ ነው፣ ማለትም መንገዱ ሲሰፋ ሲራመድበት የነበረው ሰው ራቀ። እኔ ይሄ ያንገበግበኛል። መንገዱ ጎን ላይ የሚሰራው አዲስ ህንፃ ውስጥ ለድሮው ነዋሪ የሚሆን ቤት፣ ምድር ቤቱ ላይ ደግሞ ዳቦ ቤት፣ ሱቅ፣ ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ቦታ ከሌላቸው ሰው የሚራመደው ወዴት ነው?

ስለዚህ እናንተ ሰፈር ስብሰባ ሲጠራ ፕላኑን አስወጡና ዜብራው የት ጋ እንዳለ፣ የታክሲ ፌርማታው ከዜብራው ስንት ሜትር እንደሚርቅ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ከታክሲ የወረደ ሰው 300 ሜትር ዞሮ አይሻገርም፣ እዛው የወረደበት ጋ ነው የሚገባው። የእግረኛው አረንጓዴ መብራት ስንት ሰከንድ እንደሚበራም ጠይቁ።