ውሃው ጸድቷል፤ ጭቃውስ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ አንድ ዓሣ ላውራችሁ። ኢል ይባላል፤ እኔ ያለሁበት ሆላንድ ውስጥ ፓሊንግ ይሉታል። ቁርጥ እባብ ነው የሚመስለው። እኛ አበሾች ገበያ ላይ ስናየው ፊታችንን አዙረን ነው የምናልፈው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ የሚለው የኦሪት ሕግ አለብንና። በነገራችን ላይ ቅርፊትስ አለው፤ በጣም ደቃቅ ስለሆነና ቆዳው ውስጥ ስለተቀበረ ነው የማይታየው። ደቾቹ ግን በጭስ አብስለው በዳቦ ይበሉታል። ሲቆርሱት ስቡ ጣታቸው ላይ ያብለጨልጫል።

የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ ስብ ነው።

ኢል የሚፈለፈለው እዚህ አይደለም፤ አትላንቲክ መሃል፣ ሳርጋሶ ባሕር ነው። ገና እንደ ቅጠል ስስ ሳለ የውቅያኖስ ውሃ ፍሰት እያንሳፈፈ አውሮፓ ያደርሰዋል። ወንዝ ገብቶ አሥርም ሃያም ዓመት ጭቃ ውስጥ እየኖረ ይወፍራል። ከዚያ መብላቱን እርግፍ አድርጎ ይተውና በስቡ ብቻ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይዋኛል። አንዴ እንቁላሉን ይጥላል፤ በዚያው ይሞታል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሌላው ብዙ ዓሣ በየዓመቱ እንቁላል ሲጥል ሰውነቱ ውስጥ ካለው መርዝ የተወሰነው አብሮ ይወጣለታል። ኢል ግን ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቅማል። ፒሲቢ የሚባለው፣ ድሮ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረ ኬሚካል፣ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ማረፊያው ስብ ነው። እንግዲህ ዓሣው ጉዞ ጀምሮ ስቡን ሲያቃጥል የተከማቸው መርዝ ወደ ደሙ ይለቀቃል፤ ከፊሉም ወደ እንቁላሉ ያልፋል። አስቡት፣ በባዶ ሆዱ፣ ውቅያኖስ መሃል!

እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ አጠገብ የሳንዶዝ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱን ያጠፉበት ውሃ ፀረ ተባዩን ጠራርጎ ወደ ሆላንድ በሚወርደው ራይን ወንዝ ውስጥ ከተተው። ወንዙ ቀላ። በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 150,000 የሚገመት ኢል አለቀ። አውሮፓ ደነገጠች። በዓመቱ የራይን የድርጊት መርሐ ግብር ወጣ፤ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ወደ ወንዙ እንመልሳለን ተባለ፣ ብዙ ገንዘብም ፈሰሰ። እውነቱን ለመናገር ወንዙ ጸድቷል፤ ሳልሞንም ብቅ ብሏል።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ወንዝ የቀላ ቀን ሁሉም ይሮጣል። ለዓመታት ዝም ብሎ ከደለል ጋር ሲወርድ ለኖረው መርዝ ማን ሮጠ? ሀሪንግፍሊት የሚባለው የወንዙ አፍ በ1970 በግድብ ሲዘጋ ውሃው ፍጥነቱ ቀነሰ፤ ከላይ ከፋብሪካው አገር የመጣው ደለልም እዚያው ተኛ። ኢሉ ደግሞ ቤቱ ደለሉ ነው። የፒሲቢ ምርት ከቆመ ስንት ዘመኑ! ሆላንድ ግን በ2011 በትልልቆቹ ወንዞቿ ኢል ማጥመድን መከልከል ግድ ሆነባት፤ ዳዮክሲን የሚባለው ሌላ መርዝና ፒሲቢው ለሰው ስለማይሆን። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው አብዛኛው ከእርባታ የመጣ ነው። እርባታ ቢባልም ጫጩቱ ከባሕር ዳር ይታፈሳል እንጂ እዚያ አይፈለፈልም። ያ ጫጩት ደግሞ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ጥፋቱ የመርዙ ብቻ ነው አልልም። ግድብ አለ፣ ተርባይን አለ፣ ኮንትሮባንድ አለ። የ2007ቱ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አገሮቹን ምን ይላል መሰላችሁ? የሰው እጅ ባይገባበት ኖሮ ወደ ባሕር ይወርድ ከነበረው ትልልቅ ኢል ቢያንስ 40 በመቶው ይለፍ ነው የሚለው። የሚለካው በክብደት ነው። በመርዝ የተሞላውም ስብ ኪሎ ነውና ይቆጠራል። ያ ዓሣ ሳርጋሶ ደርሶ ደህና እንቁላል መጣሉን ግን መለኪያው አይጠይቅም።