«ድምፁን ቀንሺው»፦ ቤት ተቀምጠን ስለምናያቸው የስለላ ፊልሞች

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ባለፉት ሳምንታት «ቅዳሜ ማታ ከቤት ሳንወጣ የምናየው ፊልም ጠቁሚን» የሚል መልእክት ደጋግማችሁ ልካችሁልኛል፤ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ የጠየቃችሁትም የስለላ ፊልም ነው። ጥቆማዬን ይዤ መጥቻለሁ። ነገር ግን ከፊልሞቹ በፊት ስለ እናቴ ጥቂት ልንገራችሁ፤ የትኛው ፊልም ለቤት እንደሚሆን ሳታስበው ያስተማረችኝ እርሷ ናትና።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ባለበት አንድ ምሽት «ዳስ ሌበን ዴር አንደረን»፣ ማለትም «የሌሎች ሕይወት» የተባለውን የጀርመን ፊልም ከፍቼ አብረን ተቀመጥን። ፊልሙ የሚጀምረው በምሥራቅ በርሊን የጸጥታ መሥሪያ ቤት እስር ቤት ውስጥ ነው። አንድ መርማሪ እንቅልፍ የተነፈገውን እስረኛ እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አድርጎ እንዲቀመጥ ያዝዘዋል፤ ጥያቄው ሲያበቃ ደግሞ እስረኛው የተቀመጠበት የወንበር ጨርቅ ተገፍፎ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይታሸጋል፤ አንድ ቀን ሰውየው ቢሰወር ውሻ የሚያነፈንፈው ጠረን እንዲኖር ነው። እናቴ ስኒዋን እንደያዘች ቆየችና «ድምፁን ቀንሺው» አለችኝ። ጆሮዋን የረበሻት መስሎኝ ቀነስኩ። «ጎረቤት ይሰማል» ብላ ጨመረች፤ ወዲያውም የራሷ ንግግር ገርሟት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ሳቋ ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። በልጅነቴ፣ በደርግ ጊዜ፣ አባቴ የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ዜና የሚሰማው ራዲዮኑን ታቅፎ ጋቢ ውስጥ ገብቶ ነበር። እናቴ በር በሩን ታያለች፤ እኔና ወንድሜ ደግሞ አባታችን ምን እያደረገ እንደሆነ የሚጠይቀን ሰው ቢመጣ «ተኝቷል» እንድንል ተነግሮናል። ያን ጊዜ የሚፈራው ሰው ሰላይ አይባልም ነበር። ሰላይ ከኢያሪኮ ታሪክ ጋር የሚነሣ፣ ሩቅ አገር የሚላክ ሰው ነው፤ የመንደራችን ሰው ግን ጆሮ ጠቢ ነበር። ቃሉን ልብ በሉት፦ ሽጉጥ የለበትም፣ የሚከንፍ መኪና የለበትም፣ ያለው ጆሮ ብቻ ነው። ለእኔም ቤት ውስጥ ሊታይ የሚገባው የስለላ ፊልም ይህን ቃል የሚመስለው ነው። ከጣሪያ ወደ ጣሪያ የሚዘለልበትና ሕንፃ የሚፈነዳበት ፊልም ለሲኒማ አዳራሽ የተሠራ ስለሆነ በሳሎን ቴሌቪዥን፣ ይባስ ብሎም በስልክ፣ ሲታይ ግርማው ይጎድላል። ሰው ሰውን የሚያዳምጥበት ፊልም ግን ቤት ሲገባ ይበልጥ ይበረታል፤ የሚደመጠውም ብዙውን ጊዜ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ነው።

ወደዚያው ፊልም ልመለስ። በ2006 የወጣ ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ ያዙልኝ። የዳይሬክተሩ የፍሎሪያን ሄንክል ፎን ዶነርስማርክ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ሲሆን በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኦስካር አሸንፏል። ታሪኩ የሚጀምረው በ1984 ነው። ቪስለር የተባለ የሽታዚ፣ ማለትም የምሥራቅ ጀርመን የጸጥታ መሥሪያ ቤት፣ ሻምበል የአንድ ጸሐፌ ተውኔትን ቤት ግድግዳ በድምፅ መሣሪያ አስሞልቶ፣ ከጣሪያው ሥር ባለ ባዶ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩትን ሁለቱን ሰዎች ሲጣሉም ሲታረቁም ይሰማል፤ የሰማውንም በታይፕ ይመዘግባል። ሥራው መስማት ብቻ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን የሚሰማው ነገር እርሱን ራሱን መለወጥ ይጀምራል።

ከሁሉም የማልረሳው በአሳንሰር ውስጥ ያለችውን አጭር ትዕይንት ነው። ኳስ የያዘ ትንሽ ልጅ ወደ አሳንሰሩ ይገባና ቪስለርን ቀና ብሎ አይቶ «እውነት የሽታዚ ሰው ነህ?» ይለዋል፤ አባቱ ስለ ሽታዚ ሰዎች፣ ሰው እያሰሩ ስለመሆናቸው የነገረውንም ይዘረግፍለታል። ቪስለር እንደልማዱ «ስሙ ማን ይባላል፣ የ...» ብሎ ይጀምርና ይቆማል። አፉ ላይ የደረሰው የአባቱ ስም እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ጥቂት ዝም ብሎ «የኳስህ» ሲል ይጨርሰዋል። ልጁ ኳስ ስም እንደሌለው ነግሮት ይወጣል። እናቴ «አባቱን ሊያስበላው ነበር እኮ!» አለች፤ «ማስበላት» የሚለውን ቃል በዚያ ትርጉሙ ከአፏ ከሰማሁ ስንት ዓመት ሆኖኛል።

ፊልሙ ነቃፊ አላጣም። በበርሊን ሆኸንሾንሃውዘን የሚገኘው የቀድሞ የሽታዚ እስር ቤት ዛሬ መታሰቢያ ሥፍራ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኃላፊው የነበሩት ሁበርቱስ ክናበ የሽታዚን ሰው ጀግና የሚያደርግ ታሪክ እዚያ እንዳይቀረጽ ከልክለዋል። መከልከላቸው የሚገባኝ ነገር ነው፤ ወደ 91,000 ቋሚ ሠራተኞች የነበሩትና ተደርድሮ 111 ኪሎ ሜትር የሚሆን መዝገብ ትቶ የሄደ መሥሪያ ቤት በአንድ ሰው ጸጸት አይታጠብም። በሌላ በኩል ቪስለርን ሆኖ የሚጫወተው ኡልሪኽ ሙኧ ራሱ በምሥራቅ ጀርመን የኖረና የሽታዚ ዓይን ያረፈበት ተዋናይ ስለነበረ፣ ፊቱ ላይ የምናየው ዝምታ ከድርሰት የተቀዳ ብቻ አይመስለኝም። ፊልሙ ኦስካር ባገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ2007፣ ሙኧ በሕመም አረፈ። ምሥራቅ ጀርመን የደርግን የጸጥታ መሥሪያ ቤት ትደግፍ እንደነበረ ስታስታውሱ ደግሞ የእናቴ «ጎረቤት ይሰማል» ያን ያህል ሩቅ መንገድ ተጉዞ የመጣ አይደለም።

እዚህ ላይ ፊልሞቹን ስለምናይበት መንገድ አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያሉ ፊልሞችን በስልክ እያወሩ ወይም ሽንኩርት እየከተፉ ማየት አይቻልም። ድምፁን በመነሻ ቋንቋው ትታችሁ የጽሑፍ ትርጉሙን አንብቡ። ከሰው ጋር የማታዩ ከሆነ ማዳመጫ አድርጉ። እኔ በመጀመሪያው ምሽት ታሪኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ኔትወርክ ተቋርጦ ክቧ ስትዞር ሃያ ደቂቃ ያህል ስናይ ቆይተናል፤ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አውርጄ አስቀምጣለሁ። ጥቅል ገዝታችሁ የምታዩ ከሆነ ኔትፍሊክስ ራሱ የሚሰጠው ግምት በመደበኛ ጥራት ለአንድ ሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ ወደ 3 ጊጋባይት ነው። ለነዚህ ፊልሞች መደበኛው ይበቃል፤ ሰው ሲያስብ ለማየት ከፍተኛ ጥራት አያስፈልግም። የትኛው ፊልም በየትኛው አገልግሎት እንዳለ በየወሩ ስለሚቀያየር ግን በስሙ ፈልጉት።

የጆሮ ፊልም ካልን የሁሉም አባት በ1974 የወጣው የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ዘ ኮንቨርሴሽን» ነው። በእኛ አገር አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት መሆኑ እንዲያው ያስገርመኛል። ጂን ሃክማን ሃሪ ኮል የተባለውን፣ የሰውን ንግግር ከሩቅ ቀድቶ የሚሸጥ ባለሙያ ሆኖ ይጫወታል። በሳን ፍራንሲስኮ ዩኒየን ስኩዌር ሕዝብ መካከል የሚንሸራሸሩ ወንድና ሴት የተናገሯትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጫጫታው አጥርቶ ለማውጣት ቴፑን እየመለሰ ሲሰማ፣ እኛም አብረነው እንሰማለን። እነዚያው ቃላት በየትኛው ቃል ላይ ክብደት እንደሚያርፍ ብቻ ትርጉማቸው ይገለበጣል፤ አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ እንግዳ አይደለም፣ ቃል ማጥበቅና ማላላት ነገር እንደሚለውጥ ከሰምና ወርቅ ጋር ያደግን ነን። የድምፁ ባለሙያ ዋልተር መርች ነው። ይህን ያለ ማዳመጫ አትዩት።

በ2011 የወጣውን «ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ» ስጠቁም ማስጠንቀቂያ አብሬ እሰጣለሁ፦ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው አንቀላፍቻለሁ። በእንግሊዝ የስለላ ድርጅት አናት ላይ ሶቪየቶች የተከሉት ሰርጎ ገብ አለ፤ ጡረታ የወጣው ጆርጅ ስማይሊ ከአለቆቹ መካከል የትኛው እንደሆነ ፈልግ ይባላል። ስማይሊን የሚጫወተው ጋሪ ኦልድማን ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ለረጅም ደቂቃዎች ቃል አይተነፍስም። የመጽሐፉ ደራሲ ጆን ለ ካሬ ራሱ በእንግሊዝ የስለላ አገልግሎት ውስጥ የሠራ ሰው ነበር፤ ኪም ፊልቢ የተባለው ከፍተኛ ሰላይ በ1963 ወደ ሞስኮ ከድቶ ሲገባ የተሰማው ድንጋጤም ከታሪኩ ሥር አለ። ስሞቹ ሲደበላለቁባችሁ አቁማችሁ ወደኋላ መመለስ መቻላችሁ፣ ሲኒማ ቤት የማይገኝ የቤት ጸጋ ነው። ትዕግሥቱ ካላችሁ በ1979 ቢቢሲ የሠራው ባለ ሰባት ክፍል ተከታታይ፣ አሌክ ጊነስ ያለበት፣ ከፊልሙም ይበልጥብኛል።

ከቤተሰብ ጋር የምታዩ ከሆነ «ብሪጅ ኦፍ ስፓይስ»ን፣ ማለትም «የሰላዮች ድልድይ»ን ምረጡ። ስቲቨን ስፒልበርግ በ2015 የሠራው ይህ ፊልም ኒው ዮርክ ውስጥ በ1957 ተይዞ የነበረው የሶቪየት ሰላይ ሩዶልፍ አቤልና በ1960 አውሮፕላኑ በሶቪየት ሰማይ ላይ ተመትቶ የተማረከው አሜሪካዊ አብራሪ ጋሪ ፓወርስ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1962 በርሊን ዳር ባለው የግሊኒከ ድልድይ ላይ እንዴት እንደተለዋወጡ ይተርካል። ቶም ሃንክስ ጠበቃውን ጄምስ ዶኖቫንን ይሆናል፤ ፊልሙን የሚወስደው ግን አቤልን የሚጫወተው ማርክ ራይላንስ ነው፣ ኦስካርም አግኝቶበታል። ጠበቃው «አትጨነቅም እንዴ?» ባለው ቁጥር አቤል በእርጋታ «ይጠቅማል?» ብሎ ይመልሳል። እናቴ ይህችን ቃል ወስዳ አስቀርታታለች፤ መብራት ሲጠፋ እኔ ስነጫነጭ «ይጠቅማል?» ትለኛለች።

«አርጎ» በ2012 የወጣ ሲሆን፣ በ1980 ስድስት አሜሪካውያን ዲፕሎማቶች ፊልም ሠሪ ነን ብለው ከቴህራን የወጡበትን እውነተኛ ታሪክ ይዟል። ልብ ይሰቅላል። በመጨረሻው ላይ አውሮፕላኑን በመኪና ማባረሩ ግን ከቶ አልነበረም፤ በዚያ ቀን ያለፉት በጸጥታ ነበር፣ እኔም ያቺን ጸጥታ ባየሁ እል ነበር።

በመጨረሻ ያስቀረሁት ወደ እኛ የሚቀርበውን ነው። ኔትፍሊክስ በ2019 ያወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የእስራኤሉ ሞሳድ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በተባለ ሥፍራ፣ የመዝናኛ መንደር ከፍቶ ቀን እውነተኛ ቱሪስቶችን እያስተናገደ፣ ሌሊት ደግሞ ከኢትዮጵያ በእግር የመጡ ቤተ እስራኤላውያንን በስውር ያሸሽ የነበረበትን ታሪክ ይዞ የተነሣ ነው። መነሻው እውነት ስለሆነ እንድታዩት እመክራለሁ፤ ቅር እያለኝ ነው እንጂ። በታሪኩ መንገዱን ከከፈቱት ዋነኛ ሰዎች አንዱ ፈረደ አክሉም የተባለው ኢትዮጵያዊ መምህር ነበር፤ ሱዳን ገብቶ የእርዳታ ደብዳቤ ወደ ውጭ የላከው፣ ሞሳድም ፈልጎ ያገኘው እርሱን ነው። በፊልሙ የእርሱን የሚመስለው ሰው ሌላ ስም ይዞ፣ በአሜሪካዊ ተዋናይ ተሠርቶ፣ ከነጮቹ ጀግኖች ጀርባ ይቆማል። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 የሚገመቱ ሰዎች መሞታቸውን ለሚያውቅ ደግሞ የዋና ልብስ ለብሰው የሚቀላለዱት ሰላዮች ይቆረቁራሉ።

ስለዚህ እርሱን ባያችሁ ማግስት በ2005 የወጣውን የራዱ ሚሃይሌአኑን «ሊቭ ኤንድ ቢካም» እዩ። በፈረንሳይኛ ስሙ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደማለት ነው። በ1984 በሱዳን የስደተኞች ካምፕ አንዲት ክርስቲያን ኢትዮጵያዊት እናት፣ ልጇ ከረኃብ እንዲተርፍ፣ ልጇ የሞተባትን ቤተ እስራኤላዊት ተከትሎ ወደ እስራኤል በሚሄደው አውሮፕላን እንዲሳፈር ትገፋዋለች። ልጁ አልሄድም ብሎ ሲንጠለጠልባት ፊቷን አክፍታ ታባርረዋለች። ይህን ፊልም ማንም በስለላ መደርደሪያ ላይ አላኖረውም፤ እኔ ግን ከዘረዘርኳቸው ሁሉ በላይ የስለላ ፊልም ነው እላለሁ። ሰላዮች የሽፋን ታሪክ የሚሉትን፣ የሌላ ሰው ስም፣ የሌላ ሰው ሃይማኖት፣ የሌላ ሰው እናት፣ ይህ ሕፃን ያለ ሥልጠናና ያለ ደመወዝ ተሸክሞት ያድጋል፤ አንድ ቀን እንዳይያዝ እየፈራ፣ በአማርኛ ሊጮህ የፈለገውን በዕብራይስጥ እየዋጠ።

ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ አውርጄ ጨርሼዋለሁ፣ ለመጪው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ተቀጣጥረናል። ታሪኩን ጠቅለል አድርጌ ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ልጁ የገዛ ስሙን ለሰው የሚናገርበት ቀን ይመጣል?» አልነገርኳትም።