ሦስቱ ቋጠሮ

እሺ፣ ሰላም ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔው ብቻ ነኝ። ስለ አማ ላወራችሁ ነው። አዎ፣ ህንድ አገር ቪዛግ ከተማ ስማር ቤት ያከራዩኝ፣ ቡና ስቆላ በሬን የሚያንኳኩት አማ። ትናንት ማታ ደወሉልኝ፣ ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ስልኩን በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ የዛን ቀኑን።

ኦክቶበር 17፣ 2023። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የሚወስንበት ቀን። አማ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ለጸሎት የሚሆን ጃስሚን በክር ይቋጥራሉ። ሁለት አበባ፣ አንድ ጥምዘዛ፣ ሁለት አበባ። ቲቪው ላይ ዋና ዳኛው ቻንድራቹድ ያነባሉ። አምስቱም ዳኞች ማግባት መሠረታዊ መብት አይደለም፣ ሕጉን መቀየር የፓርላማው ፋንታ ነው አሉ። አማ ቀና እንኳን ሳይሉ "ደግ አደረጉ" አሉ።

"ለምን አማ?"

"ክሩን ማን ለማን ያስራል?"

በነሱ፣ በዛ አካባቢ ሂንዱዎች ሠርግ፣ ሙሽሮቹ የተወቀጠ ከሙን ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ጋር ለውሰው አንዱ ባንዱ አናት ላይ ያኖራሉ። ከዛ ወንዱ ሴቷ አንገት ላይ ክሩን ሦስቴ ይቋጥራል። እኔ የገባኝ በኛው ነው። ሰማንያና ቁርባን አንድ አይደሉም አይደል? አርኤስኤስ የሚባለው ትልቁ የሂንዱ ብሔርተኞች ድርጅት ዋና ጸሐፊ ሆሳባሌም በዛው ዓመት ማርች ላይ ጋብቻ ሥርዓተ ሃይማኖት ነው እንጂ ውል አይደለም ብሎ ነበር። ደግሞ ልጅ አለ፤ ለሞቱት አባቶች የሩዝ ድብልብል የሚያቀርበው ልጅ ነው። ተዝካር ማን ያውጣልኝ እንደማለት ነው። ይሄን ጥላቻ ብዬ ማለፍ አልችልም። አማ ሰው አይጠሉም።

ግን ደግሞ "የፈረንጅ ነገር ነው" ሲባል ያናድደኛል። ህንድ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል ያደረገውን አንቀጽ 377ን በፈረንጆቹ 1860 የጻፉት እንግሊዞች ናቸው። እስከ 2018 ቆየ። የአርኤስኤሱ መሪ ባግዋት ራሱ፣ ሆሳባሌ ከመናገሩ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ድሮም ነበሩ ብሎ ከጥንቱ የሂንዱዎች ተረክ ከማሃባራታ የንጉሥ ጃራሳንዳን ሁለት የጦር አዛዦች ጠቅሷል። ይኑሩ፣ ግን አይጋቡ። እንዴት ነው የሚኖሩት ታዲያ? ብቻ ተዉት፣ ወደ አማ ልመለስ።

ቆይተው ቲቪውን ቀነሱት። እጃቸው ቆመ። የአማ እጅ ቆሞ አይቼ አላውቅም። "ነፍስ ወንድም ሴትም አይደለችም" አሉኝ፣ በዛች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው። "ባልና ሚስት እየሞቱ እየተወለዱ ለሰባት ልደት ነው የሚታሰሩት። ባለፈው ልደት ባልና ሚስት የነበሩ፣ አሁን ሁለቱም ወንድ ሆነው ቢመለሱስ?"

አየኋቸው። የምለው ጠፋኝ። እየጠየቁኝ ይሁን ለራሳቸው እያወሩ አላውቅም። ደግሞ እኔ ማን ነኝ፣ የሰው አገር ሰው፣ የሰው ሃይማኖት... "ተይው ልጄ" አሉና ክሩን አነሱት። ሁለት አበባ፣ አንድ ጥምዘዛ።

ያኔ ምን ብል ጥሩ ነበር? ስንቴ አሰብኩት መሰላችሁ። አንዳንዴ ዝም ማለቴ ልክ ነበር እላለሁ። እሳቸው ራሳቸው ደርሰውበት ነበር እኮ፣ በራሳቸው እምነት በኩል፣ ማንም ሳይነግራቸው። አንዳንዴ ደግሞ በር ከፍተውልኝ ቆሜ የቀረሁ ይመስለኛል።

ስልኩ... የእህታቸው ልጅ ሊያገባ ነው። ሃይደራባድ የሚሠራው፣ ስንት ዓመት ሙሉ የመጣችለትን ሁሉ እንቢ ሲል የኖረው። ልጅቷን ቤተሰብ ነው የመረጠለት። እኔም ከአፌ ቀድሞ "እንኳን ደስ ያለዎት አማ" አልኳቸው።

"ደስ ብሎሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት" አሉኝ። "አልመለሰልኝም።"

ከዛ መስመሩ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። ከጀርባቸው የቤተ መቅደሱ ደወል ይሰማኛል። ሠርጉ ላይ ነይ ብለውኛል። ትኬቱን አይቻለሁ፣ ግን...