«እስቲ በእጅህ ዳስሰው»

እየቀዳ ነው? እሺ።

ዛሬ የሽንኩርት ዋጋ የለም። አውቃለሁ፣ ባለፈው ቃል ገብቼ ነበር፣ ከዛ በፊትም ገብቼ ነበር። ይቅርታ። ዛሬ ስለ እትዬ ነው። አዲስ የመጣችሁ ወደኋላ ሄዳችሁ ስሙ፤ ማሲ ፈርጉሰን ትራክተሯ ናት፣ ሰው አይደለችም፣ ከዚህ በላይ አላብራራም።

ባክሆው፣ ከኋላዋ የሚገጠመው መቆፈሪያ ክንድ፣ ተገጠመ። እውነት፣ ሠርቷል። ታዲያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማይክ ይዤ ምን አስቀመጠኝ? እሱን ልነግራችሁ ነው። ወይም ልሞክር።

ሒሳቡን በደንብ ሠርቼ ነበር። ይሄን የምለው ለራሴ ነው። ባክሆው በደቂቃ 40 ሊትር ዘይት ይፈልጋል፣ በ170 ባር ግፊት። 40ን በ170 አብዙና ለ600 አካፍሉት፣ 11 ኪሎዋት ከምናምን ይመጣል። 15 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ማለት ነው። እትዬ ለዛ አታንስም። ችግሩ ጉልበት አይደለም። ዘይቱ በየት ገብቶ በየት ይውጣ ነው ነገሩ።

የእትዬ ፓምፕ አያርፍም። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ዘይቱ ይዞራል። ማንሻ ባትነኩ እንኳ በሎደሩ፣ በፊት ለፊቱ መጫኛ፣ ቫልቭ መሀል አልፎ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ማንሻ ስትስቡ ክንዱን ወደሚገፋው ጃክ ይታጠፋል። ባክሆውን ከሎደሩ ቀጥሎ ለማስገባት ቫልቩ ላይ ሦስት ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ አንዱ መግቢያ፣ አንዱ ለሚቀጥለው ቫልቭ የሚያሳልፍ፣ አንዱ ወደ ታንከር የሚመልስ። የምታሳልፈዋን ፓወር ቢዮንድ ይሏታል። እሷን ለማውጣት የምትገባው ብረት ትንሽ ናት፣ ጣት ብታህል ነው። ማሳለፊያውን ከመመለሻው ትለያለች፣ በቃ። የኔ ቫልቭ እሷ የለችውም።

ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞርኩ። አንዱ ባለሱቅ «ለትራክተር ነው ለታንክ?» አለኝ። ሻይ ጋበዘኝ፣ የሁለት ልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ አማረረልኝ፣ አንድ ከረጢት ብሎን ሸጠልኝ። ብሎን አልፈለግኩም። ግን ሰውዬው ደስ ሲል! አሁንም መደርደሪያ ላይ አለ ከረጢቱ።

እና ብረቷን አጣኋት። ምን አደረግኩ? የሎደሩን መመለሻ ጎማ፣ የዘይቱን ቱቦ ማለቴ ነው፣ ከታንከሩ ነቀልኩና የባክሆው መግቢያ ላይ ሰካሁት። የባክሆውን መመለሻ ወደ ታንከር። ዘይቱ ይሄዳል አይደል? ይሄዳል። አስነሳሁ፣ ባክሆው ክንዱን ዘረጋ፣ ልጁ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

ያላየሁት ነገር... አይ፣ ውሸት ነው። ያየሁት ግን ያለፍኩት ነገር፣ ያ ጎማ የመመለሻ ጎማ ነው። የክር ጥልፍ እንጂ ሽቦ የለውም። ሥራው ዘይት በሰላም ወደ ቤቱ ማድረስ ነው። አሁን ግን ባክሆው በቆፈረ ቁጥር 170 ባሩን የሚሸከመው እሱ ነው። የሎደሩ ቫልቭም እንደዛው፣ መመለሻው በኩል ለእንዲህ ያለ ግፊት አልተሠራም። የመኪና ጎማ ስንት ነው የምትነፉት? 2 ባር ምናምን። አውቅ ነበር። «ለዛሬ ብቻ» አልኩ። ለዛሬ ብቻ ያልኩት ነገር እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በሩም ለዛሬ ብቻ በሽቦ የታሰረ ነው፣ ሦስት ዓመቱ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከጉድጓዱ እስከ ሽንኩርቱ የቱቦ ቦይ እየቆፈርን ነው። አሥር ሜትር ሄደናል፣ ደረቅ መሬት አገኘን። አካፋውን ነከስኩበት፣ እትዬ አጓራች፣ በጎኗ በኩል የሆነ ጉም አየሁ። ጭስ መሰለኝ። ጭስ አይደለም፣ ቀጭን ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ያበራል፣ የዘይት ሽታ አለው። እኔ ወንበሩ ላይ ነኝ፣ ሁለቱም እጄ ማንሻ ላይ ነው። ልጁ ከታች ቆሟል።

እና እንዲህ አልኩት። «ያ ጎማ የሚያፈስ መሰለኝ፣ እስቲ በእጅህ ዳስሰው፣ ከየት ነው?»

እስቲ በእጅህ ዳስሰው።

በተረጋጋ ድምፅ ነው ያልኩት። ውሃ አቀብለኝ እንደምል። ልጁን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጫማህን አውልቅ ብትሉት ካልሲውንም የሚያወልቅ ልጅ ነው። «እሺ አጎቴ» አለ፣ ቁጢጥ አለ፣ ቀኝ እጁን ዘረጋ። መዳፉ ወደ ላይ ነበር። ለምን ወደ ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ዝናብ እንደሚቀበል ሰው። አንድ ስንዝር ቀርቶታል። አንድ ስንዝር፣ ምናልባት ከዛም ያንሳል።

ስልኩ ጮኸ። ኢሞ። እናቱ ናት፣ ከዱባይ።

እጁን ሰብስቦ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ስልኩ በቀኝ ኪሱ ነበር። በግራ ኪሱ ቢሆን ኖሮ በግራው ያነሳ ነበር፣ ቀኙ ደግሞ... ተውኩት። ይሄን ስንት ጊዜ እንደማስበው አትጠይቁኝ።

እህቴ ስትደውል መጀመሪያ ሰላም አትልም፣ «በላችሁ?» ነው የምትለው። «በላን» አላት። አልበላንም ነበር። እኔ ሞተሩን አጠፋሁ። እዚህ ጋ እውነቱን ልናገር፣ ያጠፋሁት ድምፅዋ እንዲሰማ ነው፣ ለሌላ አይደለም። «እስቲ ያን ማሽን አሳየኝ» አለች። በሷ ብር የተገዛ ነውና መብቷ ነው። ልጁ ስልኩን አዞረ፣ በዛችው እጁ ይዞ፣ ባክሆውን ከላይ እስከ ታች አሳያት። እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ሳቅኩ። እውነት፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።

ማታ ማሽን የሚያውቁት ጋሼ መጡ፣ ከሞጆ። ጎማውን አዩት፣ ምንም አላሉም። የብስኩት ካርቶን ቀደዱ፣ ረጅም እንጨት ላይ አሰሩና «አስነሳና ሥራ ስጠው» አሉኝ። እንጨቱን ከሩቅ ይዘው ካርቶኑን ወደ ጎማው አስጠጉ። ካርቶኑ መጀመሪያ ራሰ። ከዛ መሀሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን አየሁ።

«ሲያፈስ በምን አወቃችሁ?» አሉ።

«አየነው» አልኩ። ልጁ ዝም አለ።

ከዛ ነገሩን። ዘይት ከ7 ባር አካባቢ ጀምሮ ቆዳ ሊበሳ ይችላል። ጓንት አያድንም። ቦታው ንብ የነደፈው ነው የሚመስለው፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም አያምም፣ ሰዉም አጥቦት ሥራውን ይቀጥላል። ዘይቱ ግን ውስጥ ገብቷል። በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ጥገና ካላገኘ ጣት ይቆረጣል፣ እጅም ይቆረጣል። ልጁ እጁን አየው። ገልብጦ አየው። ከዛ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

አሁን ሁሉም በሥርዓቱ ነው፣ ለሚፈልግ። ፓወር ቢዮንድ ያለው ቫልቭ ገባ። ሽቦ ያለው ጎማ ገባ። ሎደሩም ባክሆውም እየራሳቸው ወደ ታንከር ይመልሳሉ። ጎማ ከመፍታታችሁ በፊት አካፋውን መሬት ላይ አሳርፉ፣ ሞተር አጥፉ፣ ማንሻዎቹን ወዲያ ወዲህ በሉ፣ ምክንያቱም ሞተር ቢጠፋም የታመቀው ግፊት ጎማው ውስጥ ይቆያል። ይሄን ሁሉ ከዛ ቅዳሜ በፊት አውቅ ነበር። ፈትኑኝ ብላችሁ ኖሮ መቶ ከመቶ አመጣ ነበር። ታዲያ ያን ቃል ማን ነው ያለው? ድካም ነው? ሙቀት ነው? ሌላ ሰው የከፈለበት ማሽን ላይ ስትቀመጡ የሚመጣ... አይ፣ ወደሱ አልሄድም ዛሬ።

ለእህቴ አልነገርኳትም። ልንገራት እላለሁ፣ ከዛ እሷ ዱባይ የሰው ቤት እየጠረገች ይሄን ይዛ እንዴት ትተኛለች እላለሁ። ከዛ ደግሞ ይሄን ሰበብ ለማን ብዬ ነው የፈጠርኩት እላለሁ። ልጁም አልነገራትም። ለምን እንዳልነገራት አልጠየቅኩትም። ትናንት ጠዋት እትዬ ላይ ስወጣ ከወንበሩ ኋላ አንድ ካርቶን ታጥፎ፣ እንጨት ላይ ታስሮ ተሰክቷል። እኔ አይደለሁም ያስቀመጥኩት።

ትናንት ማታ ደወለች። «በላችሁ?» አለች። በላን አልናት፣ ደግሞ በልተን ነበር። ቪዲዮ ላኩልኝ፣ ለጓደኞቼ ላሳይ አለች። ያን ቀን የቀረጸችው ስክሪን አላት፣ እሱንም ልካልኛለች። ከፍቼዋለሁ። አንዴ እጁ ይታያል፣ ጥግ ላይ፣ አውራ ጣቱ ብቻ...

ቆዩ። መብራት መጣ መሰለኝ። ልጁ ፓምፑን ሊያስነሳ ወጥቷል፣ ባትሪውን አየሁት። አንተ! ጠብቀኝ፣ እኔ ነኝ የማስነሳው! ቆይ መጣሁ፣ ይሄን ላጥፋና